አላነበበችውም

"ይሄ ልቦለድ ነው" የሚል ካለ አልፈርድበትም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም "አንቺ ደግሞ መጽሐፍ አብዝተሻል" ብዬ እስቅ ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔ ላይ ሆኗል።

በጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። ቦታው የምሠራበት መነጽር ቤት፣ ጓዳው ውስጥ።

የቻናሌ ነባር ቤተሰቦች ታውቁኛላችሁ፤ መጽሐፍ አንብቤ በድምፄ ሂስ የማቀርብላችሁ ነኝ። አዲስ ለገባችሁ ደግሞ፣ የምተዳደረው በመነጽር ነው። ጓዳ ቁጭ ብዬ ሌንስ እሞርዳለሁ፣ ከፍሬም ጋር አገጣጥማለሁ። አለቃዬ የብረት መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ምሳ ሲወጣ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ የጓዳውን በር እዘጋለሁ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ እቀዳለሁ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ የለኝም።

ሕጌንም ታውቃላችሁ። ያልጨረስኩትን መጽሐፍ አላወራም። ከደራሲ ስጦታ አልቀበልም። መጨረሻውን አልዘከዝክም። የደከመበትን ቦታ ግን እናገራለሁ፣ የጻፈው የእናቴ ልጅም ቢሆን።

"ሃያሲዋ" ይለኛል አለቃዬ። "የሰው መጽሐፍ ስትሞርጂ የኔን ሌንስ እንዳትሰብሪ!"

እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር የምንኖረው።

አንድ ረፋድ ላይ ጥቁር የለበሱ እናት ገቡ። ከቦርሳቸው የወንድ መነጽር አወጡ። ፍሬሙ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ አንደኛው ክንዱ በጥርስ የተነከሰ ይመስላል።

"የባለቤቴ ነው" አሉኝ። "አርፏል። ፍሬሙ ይቅርልኝና ሌንሱን በኔ ዓይን ልክ ቀይሩልኝ።"

"ነፍስ ይማር፣ እማማ።"

ዓይናቸውን ለካንላቸው። ሊከፍሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ቆመው ያዩኛል።

"ድምፅሽን አውቀዋለሁ" አሉ። "መጽሐፍ የምትተነትኚው ልጅ ነሽ። እሱ ይሰማሽ ነበር።"

ከቦርሳቸው አንድ መጽሐፍ አወጡ። በራሱ ወጪ ያሳተመው ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጀርባው የተላጠ። "ዝናብ ያልነካው ግቢ" ይላል።

"ሲያሳትመው ወዳጆቹ ሁሉ ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው አሉት። አንዳቸውም ግን አላነበቡትም። 'የቱ ጋ ደረስክ?' ሲላቸው ወሬ ይቀይሩበታል። ያውቅ ነበር... እንደዚያ ሆዱ እንደባሰው ሄደ።"

መጽሐፉን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

"አንብቢውና እውነቱን ንገሪው።"

"ለአድማጮቼ ልንገርልዎት?"

ቦርሳቸውን ዘጉ።

"እ... አዎ" አሉ። "ለነሱም።"

ሐዘን ነው ያናገራቸው ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉን አነበብኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ? ግማሹ ሲነበብ ልብ ይወስዳል። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት የሚንከራተቱ አባትና ሴት ልጁ ታሪክ ነው። ልጅቷ አዲስ ቤት በገቡ ቁጥር ከሁሉ በፊት በሮቹን ሁሉ እየከፈተች "ማን አለ?" ብላ ትጣራለች። የሚመልስላት የለም። አባትየው ሌላ ክፍል ገብቶ ድምፁን ቀይሮ "እኔ አለሁ!" ይላታል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ከዚያ ልጅቷ ታመመች።

ገጹን ስገልጥ እንዲህ ይላል። "ልጅቷ ሞተች። ቀበሯት። ክረምቱም አለፈ።"

በቃ። በሚቀጥለው ምዕራፍ አባትየው ሌላ ከተማ ነው፣ ሌላ ሥራ ይዟል፣ ከአዲስ ሰዎች ጋር ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ ገለባ ነው። የሞተው እዚያች ገጽ ላይ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቀዳሁት። ያሰብኩትን ሳልሸራርፍ ተናገርኩ። ደራሲው መጻፍ አቅቶት አይደለም፣ ሸሽቶ ነው አልኩ።

ድምፄን የምታጸዳልኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ እቴቴ። የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች፤ የስንቱን ሙሽራ ሳልና ማስነጠስ ቆርጣ ስትጥል የኖረች ጆሮዋ የተሳለ ሴት ናት። ላኩላት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች።

"ሚጡ፣ አብሮሽ የነበረው ማነው?"

"ማንም።"

"ወንድ ነው። ጉሮሮውን ይጠራርጋል።"

"አለቃዬ ምሳ ወጥቷል፣ እቴቴ። በሩንም ዘግቼዋለሁ።"

"'ሸሽቷል' ልትዪ ስትይ ነው የሚጠራርገው። ቆረጥኩት። መልሼ ስሰማው ትንሽ ወደፊት ሄዶ እንደገና ይጠራርጋል..."

"የስልኩ ችግር ይሆናላ።"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ደግሞስ ይሄ ሂስ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ያነበብኩት ነዋ።"

"ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው? ሰውዬው አይመልስልሽ፣ አያርመው። ሚስቱ ገና ጥቁሯን አላወለቀችም። ጥሩ ጥሩውን ተናግረሽ እለፊ።"

"ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካወራሁ ከወዳጆቹ በምን ተሻልኩ?"

"እነሱ ባያነቡም አላስለቀሱትም" አለችኝ።

ይህ ቃሏ ልቤን ቆረጠው። ሕጌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበርኩት።

እንደገና ቀዳሁ። "ልብ አንጠልጣይ ነው" አልኩ። "ቋንቋው እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ከእጅ አይወርድም..." ሽፋን ብቻ አይቶ የሚያመሰግን ሰው የሚላትን ሁሉ አልኩ። ስለዚያች ገጽ ትንፍሽ አላልኩም።

እቴቴ ሰማችው። "ጥርት ያለ ነው፣ ማንም የለበትም" አለች። እኔም ሰማሁት። ማንም የለበትም።

ለቀቅኩት።

ወዲያው ኮሜንት ይጎርፍ ጀመር። "ፀጉረ ልውጥ" በሚል ስም የሚጽፍልኝ ቀልደኛ አለ፤ ቀደመ።

"እህቴ፣ ከኋላሽ ያለውን ሰውዬ ወይ ማይክ ስጪው ወይ አስወጪው።"

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ።

ሌላዋ ጻፈች። "እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት? 'አላነበበችውም' ይላል እኮ።"

ሌላው ጻፈ። "እኔም ሰምቻለሁ። አንቺ 'ልብ አንጠልጣይ' ስትዪ 'አላነበበችውም'። 'ከእጅ አይወርድም' ስትዪ 'አላነበበችውም'።"

ከዚያ አንዲት ዝምተኛ አድማጭ፣ ጽፋ የማታውቅ...

"መጨረሻ ላይ ሲለው እያለቀሰ ነው።"

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እንደገና ከፈትኩት። የኔ ድምፅ ብቻ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት። የኔ ድምፅ ብቻ።

አጠፋሁት።

በማግስቱ ሥራ ስገባ መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ እንዳስገባሁት አስታውሳለሁ። የተከፈተው እዚያች ገጽ ላይ ነው።

ልጅቷ ሞተች። ቀበሯት። ክረምቱም አለፈ።

ዘጋሁት። መሳቢያ ከተትኩት። ሌንስ ልወስድ ወደ ሱቁ ወጣ ብዬ ስመለስ... ጠረጴዛው ላይ ነው። ተከፍቷል።

ረፋድ ላይ አለቃዬ አንገቱን በበሩ አስገባ።

"ደንበኛሽ ሄደ እንዴ?"

"የቱ ደንበኛ?"

"አሁን ከጎንሽ ቆሞ የነበረው ነዋ። ኮት የለበሰው።"

"ጋሼ... እኔ ማንንም አላስገባሁም።"

ቀልዴ መስሎት ሳቀ። "እሺ፣ ሃያሲዋ! ምሥጢር ከሆነ ይቅር። ብቻ ጓዳ ደንበኛ አታስገቢ፣ ማሽን አለ፣ እጁን ይቆርጥብናል።"

የጓዳው በር አንድ ነው። መስኮት የለውም። መውጫው በአለቃዬ ፊት ነው።

ለእቴቴ ደወልኩ። በሹክሹክታ ነበር የማወራው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"የሰውዬው ነገር..."

"አውቃለሁ" አለችኝ። እሷም በሹክሹክታ። "የመጀመሪያው ቅጂ እኔ ጋ አለ። ዛሬ ስከፍተው ጉሮሮ አይደለም የሚጠራርገው።"

"ታዲያ?"

"ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይሰማል። ሰው ሲጠብቅ እንዴት እንደሚሰማ ታውቂ የለ?"

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ። ንገሪው፣ ሚጡ።"

ሰባት ሰዓት ሆነ። አለቃዬ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ማሽኑን አጠፋሁ። የጓዳውን በር ዘጋሁ። ስልኬን አቆምኩ።

የእማማን መነጽር ያን ቀን ጨርሼ ነበር። አዲሶቹን ሌንሶች ወልውዬ፣ ክንዶቹን ዘርግቼ መብራቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። መጽሐፉን መዳፌ ሥር አደረግኩ።

"ጋሼ..." አልኩ። ደራሲውን ነው። "አንብቤዋለሁ።"



"ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ልጅቷ በሮቹን እየከፈተች 'ማን አለ?' የምትለው... እሱን ሳነብ ስቄአለሁ። አሁንም ቤቴ ስገባ ትዝ ትለኛለች። እንደሷ ያለ ልጅ በመጽሐፍ ገጥሞኝ አያውቅም።"

ከኋላዬ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።

መጽሐፉ መዳፌ ሥር ነው። አልተንቀሳቀሰም።

አልዞርኩም። ብዞር ምን እንደማይ... አልዞርኩም።

"ትናንት ያልኩት ውሸት ነበር" አልኩ። "ልብ አያንጠለጥልም። ከታመመች በኋላ ያለው ከእጅ ይወርዳል። በሩ ድረስ ወሰዱን፣ ጋሼ። እጀታውን ያዙ። ከዚያ ጥለውን ዞረው ሄዱ። እኛ በሩ ላይ ቀረን። ልጅቷ ደግሞ ከውስጥ ቀረች፣ ብቻዋን..."

መብራቱ ሥር ያለው መነጽር ላይ ጉም ታየኝ።

መጀመሪያ አንደኛው ሌንስ። ከዚያ ሁለተኛው። ጠራ። ደግሞ ጉም ለበሰ። ጠራ... ሰው ሊወለውለው አፉ ድረስ አስጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

"ሸሽተዋል፣ ጋሼ" አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። "መጻፍ የሚችል ሰው ነው የሸሸው። ለዚህ ነው የተቆጣሁት።"

ረጅም ትንፋሽ አንገቴ ላይ ተለቀቀ። ቀዝቃዛ ነው። አሮጌ ወረቀት ይሸታል።

ወንበሬን ገልብጬ ሮጥኩ። ስልኬን አላነሳሁም። መዝጊያው ሥር ጎንበስ ብዬ ወጥቼ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰው መሀል ቆምኩ።

አለቃዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ።

"ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል!"

"ውስጥ..." አልኩ። በጣቴ ጓዳውን አሳየሁት።

ገባ። ቆየ። ሲወጣ በጫማው ጫፍ ነው የሚራመደው። ስንጥሩ ከአፉ ወድቋል።

"ለምን ብቻውን ተውሽው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"ሰውዬውን። ፊቱን ወደ ስልክሽ አዙሮ ይናገራል። ለማን ነው የሚናገረው?"

"ምን ይላል?"

"አላሰማኝም። በሩን ስከፍት ሳይዞር እጁን አነሳብኝ... ቆይ ለማለት።"

እዚያው ቆየን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የራሳችንን ሱቅ ፈርተን። ደንበኛ ሲመጣ አለቃዬ "መብራት የለም" እያለ ይመልሳል።

በመጨረሻ ተያይዘን ገባን። ጓዳው ባዶ ነው። ስልኬ እየቀዳ ነው።

ሳልሰማው ለእቴቴ ላክሁት።

እቴቴ ሳትደውል መጥታ አታውቅም። በማግስቱ በሩ ላይ አየኋት። ዓይኗ አብጧል። ጓዳ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"ሂስሽ ጥሩ ነው። አውጪው" አለች። "ካንቺ በኋላ ያለውን ግን ቆርጫለሁ። እሱ ለሕዝብ አይሆንም፤ ለሚስቱ ነው።"

"ከኔ በኋላ ያለው ምንድን ነው?"

"ምዕራፉ።"

"የቱ ምዕራፍ?"

"የሸሸው።"

እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው።

"እግሯ ይበርዳት ነበር አለ፣ ሚጡ። ካልሲ አላሞቅ ቢላት አውልቆ እግሯን በእፍኙ ይዞ ይተነፍስበት ነበር። ሲነጋ... እሱ ገና መተንፈሱን አላቆመም፣ እግሯ ግን..." ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ከዚህ በላይ አታናግሪኝ።"

ስልኳን ተቀብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁ። ቃል አልሰማሁም። ገጽ ሲገለጥ ብቻ... ደግሞ ሌላ ገጽ... ደግሞ ሌላ።

እማማ መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሳለ እቴቴ ምንም ሳትል ወንበር አቀረበችላቸው። ማዳመጫውን ጆሮአቸው ላይ አደረገች።

ከመጀመሪያው ቃል አወቁት። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም፣ አላለቀሱም። ሰው ከሱቁ ፊት ያልፋል፣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ እሳቸው የትም የሉም።

ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቀው ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለሉት።

"እኛ ልጅ አልወለድንም" አሉ። "ከኔ በፊት ቤትና ትዳር እንደነበረው አውቃለሁ። ምን ያለ ቤት እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። ይከፋዋል ብዬ..."

መነጽራቸውን አቀበልኳቸው።

"ስሟን ነገረኝ" አሉ።

እቴቴን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሷ ስም አልሰማችም።

እማማ ተነሥተው መነጽሩን አደረጉ። ለፊታቸው ሰፋ ይላል። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"መጽሐፉስ? ጥሩ ነው?"

"ግማሹ፣ እማማ።"

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

ያን ቀን እውነተኛውን ሂስ ለቀቅኩት። ተሰደብኩ። "ሙት ወቃሽ" ያላለኝ የለም። አንዳንዶቻችሁ ግን መጽሐፉን ፍለጋ እንደወጣችሁ ጻፋችሁልኝ። ፀጉረ ልውጥ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ።

"ዛሬ ሰውዬው የለም።"

በእናቴ ስም፣ እፎይ አልኩ። አለቀ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ታሞ ቀርቷል። ማታ የቆለፍኩት እኔ፣ ቁልፉም ያደረው ከኔ ጋር። የመዝጊያው ቁልፍ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። ወደ ላይ ገፋሁት። ብርሃን ገባ።

ደንበኛ የሚያርፍባቸው ወንበሮች አሉን፣ ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞሩ።

ዞረዋል።

ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጓዳዬ በር አዙረዋል፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው በመደዳ ተደርድረው። በየወንበሩ ላይ መጽሐፍ አለ። አንዳንዱ የታተመ ነው፣ አንዳንዱ በታይፕ ተመትቶ በሲባጎ የታሰረ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አንብቤ የማውቀው ደራሲ አንድም የለም። አንደኛው ርጥብ ነው፤ ጠርዙ ላይ አፈር ይዟል።

እጄን መዝጊያው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። መግባትም መሄድም አቃተኝ።

ያኔ ነው ያየሁት።

ለጓዳው በር የሚቀርበው ወንበር ስፖንጁ መሀሉ ላይ ሰርጉዷል። እሱ ላይ ብቻ መጽሐፍ የለም። እያየሁት... ሰው ሲነሳለት እንደሚሆነው... ስፖንጁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነፋ።